በ22 ዓመቱ ፍሬሽማን የነበረው አሰልጣኝ

እኛ ጋ በ22 ዓመቱ ዲግሪውን ይዞ ሥራ ያላገኘ ልጅ ሕይወት ያመለጠችው ይመስለዋል። ክኑት ሮክኒ በ22 ዓመቱ ገና ፍሬሽማን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1888 ኖርዌይ ውስጥ ቮስ በምትባል ቦታ ተወለደ። በአምስት ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ቺካጎ ገባ። ለዩኒቨርሲቲ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረ ፖስታ ቤት ተቀጥሮ ዓመታት ሠራ፤ ቆጠበ። በ1910 ኢንዲያና ግዛት የሚገኘው ኖትር ዳም ሲገባ ክፍሉ ውስጥ ካሉት ልጆች በዕድሜ ይበልጥ ነበር። ያጠናው ኬሚስትሪ ነው። ስሙን ያስጠራው ግን ፉትቦል ሆነ።

ፉትቦል ስል የእኛን እግር ኳስ አይደለም፤ እንቁላል የመሰለችውን ኳስ በእጅ ይዘው የሚጋፉበትን የአሜሪካኖቹን ነው። እዚያ ጨዋታ ላይ ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች ኳሷን ተቀብሎ ለማን እንደምትሰጥ፣ ወደ ማን እንደምትወረወር ይወስናል። ድሮ ወደፊት መወርወር ክልክል ነበር። ግፊያው ተጫዋች እየገደለ ሲያስቸግር በ1906 ተፈቀደ። ግን ትልልቆቹ ቡድኖች ብዙም አልተጠቀሙበትም፤ መጋፋታቸውን ቀጠሉ። ኢኮኖሚክስ የተማርን ሰዎች መንገድ ላይ የወደቀ ብር አይገኝም፣ ቢኖርማ ሰው ያነሳው ነበር እያልን እንቀልዳለን። ይሄ እንግዲህ ለሰባት ዓመት ወድቆ የቆየ ብር ነው!

በ1913 የዩኒቨርሲቲ እረፍት ሮክኒና የቡድኑ ኳርተርባክ ገስ ዶሬ ኦሃዮ ውስጥ ሲዳር ፖይንት የሚባል መዝናኛ ሥራ አገኙ። ከሥራ ሲወጡ ሐይቁ ዳር አሸዋው ላይ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው እየሮጠ ይቀበላል። በቃ፣ ይሄንኑ ደጋገሙት። በኅዳር ወር መጀመሪያ ኖትር ዳም የአሜሪካን ጦር አካዳሚ ቡድን ገጠመ። ኖትር ዳም ያኔ ምሥራቁ ብዙም የማያውቀው ትንሽ ኮሌጅ ነው፤ ያሸንፋል ብሎ የጠበቀ ጥቂት ነው። ዶሬ 17 ጊዜ ወረወረ፤ 14ቱ ተያዙ። ውጤቱ 35 ለ13። ውርወራውን የፈጠሩት እነሱ አልነበሩም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ማንም ሊንቀው አልቻለም።

ሮክኒ ከተመረቀ በኋላ እዚያው ቀረ፤ ኬሚስትሪ ክፍል እየረዳ፣ ቡድኑን በረዳትነት እያሰለጠነ። በ1918 ዋና አሰልጣኝ ሆነ። በ13 የውድድር ዘመን 105 አሸነፈ፣ 12 ተሸነፈ፣ 5 አቻ ወጣ። እስቲ ፐርሰንቱን በስልካችሁ አስሉት።

ከዘዴዎቹ እኔን የሚገርመኝ ተጠባባቂዎቹን መጀመሪያ ማስገባቱ ነው። እነሱ ተጋጣሚውን ሲያደክሙ ዋናዎቹ ተቀምጠው ያያሉ፤ ከዚያ ትኩስ ጉልበት ይዘው ይገባሉ። በ1924 በኳርተርባኩ ሃሪ ስቱልድሬር የሚመራው ቡድኑ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ጨረሰ።

1929 ደግሞ ከሁሉም የከፋው ዓመት መሆን ነበረበት። አዲሱ ስታዲየም እየተሠራ ስለነበር ቡድኑ የራሱ ሜዳ የለውም፤ ሁሉንም ጨዋታ ከሜዳው ውጪ ነው የተጫወተው። እሱም እግሩን በጠና ታሞ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ያሰለጥን ነበር። ዘጠኝ ተጫውተው ዘጠኙንም አሸነፉ። በቀጣዩ ዓመትም አልተሸነፉም።

መጋቢት 31 ቀን 1931 (በእነሱ አቆጣጠር) ከካንሳስ ሲቲ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲበር አውሮፕላኑ ካንሳስ ውስጥ ተከሰከሰ። ከተሳፈሩት ስምንት ሰዎች የተረፈ የለም። ሮክኒ 43 ዓመቱ ነበር።

ፎከር የተባለው የዚያ አውሮፕላን ክንፍ ከእንጨት የተሠራ ነው። እርጥበት ገብቶበት ሙጫው ለቆ ነበር። ከዚያ በፊትም አውሮፕላን ይወድቃል፣ ሰው ይሞታል፤ ነገሩ ተድበስብሶ ያልፋል። የሞተው ሮክኒ ሲሆን ግን አገር ምድሩ ምክንያቱን ጠየቀ። መንግሥትም ምርመራውን ይፋ ለማድረግ ተገደደ፤ የእንጨት ክንፍ ያላቸው አውሮፕላኖች ላይ ጥብቅ ፍተሻ ታዘዘ፣ መንገደኛውም ሸሻቸው። የአውሮፕላኑ ባለቤት ቲደብሊውኤ በዓመቱ ከብረት ብቻ የተሠራ አውሮፕላን እፈልጋለሁ ብሎ ጨረታ ላከ። ዳግላስ ኩባንያ ለዚያ ጥያቄ ከሠራው አውሮፕላን በኋላ ላይ ዲሲ 3 ተወለደ። የዲሲ 3 ወታደራዊ ዓይነት ሲ 47 ይባላል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ ከዚያው ከቲደብሊውኤ ጋር ተዋውሎ፣ በ1946 የመጀመሪያውን የካይሮ በረራ ያደረገው በዚህ አውሮፕላን ነው።