ዘፈኑ የአሬታ፣ ገቢው የኦቲስ

«ሪስፔክት» የሚለውን ዘፈን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ብዙ ያለ አይመስለኝም። ርዕሱን ባያውቀው እንኳ አንዲት ሴት ፊደል በፊደል እየቆጠረች አክብሩኝ ስትል በሆነ ፊልም ወይ ማስታወቂያ ላይ ሰምቷል። የማን ነው ቢባል ጆሯችን ወዲያው የአሬታ ፍራንክሊን ይላል። የባለቤትነት ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ግን ሌላ ነው፦ ኦቲስ ሬዲንግ።

አንድ ድምፃዊ የሌላውን ዘፈን እንደገና ሲጫወተው ፈረንጆቹ ከቨር ይሉታል። አብዛኛው ከቨር ተሰምቶ ይረሳል። አንዳንዱ ግን የመጀመሪያውን ዘፋኝ ከነስሙ ይውጠዋል። እኔ ደግሞ ኢኮኖሚክስ ተምሬ እንደመውጣቴ ሙዚቃ እያዳመጥኩ እንኳ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ማሰብ አይለቀኝም። የኦቲስን ሕይወት ዛሬ የመረጥኩት በዚህ ጨዋታ በሁለቱም ወገን ስለቆመ ነው። ወስዷልም፣ ተወስዶበታልም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው ሴፕቴምበር 9 ቀን 1941 ጆርጂያ ውስጥ ዶውሰን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ በሰው መሬት ላይ የሚያርስ ጭሰኛ ነበር፤ በኋላ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሜከን ከተማ ሄደና በአቅራቢያው ባለ የአየር ኃይል ጦር ሰፈር ተቀጠረ። አልፎ አልፎ በየቤተ ክርስቲያኑ ይሰብክ ነበር። ከዚያ ሳንባ ነቀርሳ ያዘው። ኦቲስ በ15 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ የቤቱን ወጪ ለማገዝ ወጣ። የውሃ ጉድጓድ ቆፍሯል፣ ነዳጅ ማደያም ሠርቷል። ማታ ማታ ደግሞ ይዘፍናል።

የሚዘፍነው የሰው ዘፈን ነበር። ሜከን የሊትል ሪቻርድ ከተማ ናት፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እሱን መሆን ይፈልጋል። ዳግላስ በሚባለው ቲያትር ቤት በየሳምንቱ የተሰጥኦ ውድድር ይካሄድ ነበርና ኦቲስ በሊትል ሪቻርድ ዘፈን 15 ሳምንት በተከታታይ አሸነፈ። ሽልማቱ 5 ዶላር ነበር። ደምሩት፣ 75 ዶላር ይመጣል። ይህ ገቢው ሙሉ በሙሉ ከከቨር የተገኘ ነው ማለት ነው።

በ1962 ጆኒ ጄንኪንስ የሚባል ጊታሪስት ሜምፊስ ድረስ ሄዶ ስታክስ በተባለው ስቱዲዮ የመቅረጽ ዕድል አገኘ። ጄንኪንስ መንጃ ፈቃድ ስላልነበረው የነዳው ኦቲስ ነው። ስታክስ ጂም ስቱዋርትና እህቱ ኤስቴል አክስተን ከአሮጌ ሲኒማ ቤት የሠሩት ስቱዲዮ ነው፤ ጥቁርና ነጭ በሕግ በተለያየበት ከተማ ጥቁርና ነጭ ሙዚቀኞች አብረው የሚሠሩበት ቦታ። የጄንኪንስ ቀረጻ አልሳካ አለ። የቀረችውን ጥቂት ደቂቃ ሾፌሩ ይዝፈንባት ተባለ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ቡከር ቲ ቀድሞ ወጥቶ ስለነበር ጊታሪስቱ ስቲቭ ክሮፐር ፒያኖው ላይ ተቀመጠ። «ዚዝ አርምስ ኦፍ ማይን» የተቀረጸው እንዲህ ነው። ቀስ ያለ፣ የሚለምን ዘፈን ነው፤ ሊትል ሪቻርድ ውስጡ የለም። ግጥምና ዜማው የራሱ የኦቲስ ነበር፤ እሱው አወጣው።

ከዚያ በኋላ ሩጫ ነው። አልበም በአልበም ላይ፣ ጉዞ በጉዞ ላይ። በ1961 ያገባት ዜልማ ልጆች እያሳደገች ቤት ትጠብቃለች፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው።

በጁላይ 1965 ከጉዞ መሐል ተመልሶ «ኦቲስ ብሉ» የተባለውን አልበም በአንድ ቀንና ሌሊት ገደማ ውስጥ ቀረጸው። 11 ዘፈኖች አሉበት። ከእነዚህ ውስጥ ስምንቱ የሰው ናቸው። ሦስቱ የሳም ኩክ ሲሆኑ፣ ኩክ በጥይት ከተገደለ ገና ሰባት ወሩ ነበር። አንዱ ደግሞ የሮሊንግ ስቶንስ «ሳቲስፋክሽን» ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ከወጣ አንድ ወር ገደማ ያለፈው፣ ገና ትኩስ ዘፈን። የእንግሊዞቹን ልጆች የጊታር ዜማ ኦቲስ ለትንፋሽ መሣሪያዎች ሰጠው። የሚገርመው፣ የስቶንሱ ኪት ሪቻርድስ ያቺን ዜማ ሲፈጥራት በሐሳቡ ትንፋሽ መሣሪያ ነበር፤ ጊታሩን የቀረጸው እንደ ንድፍ ነው። ስለዚህ ከቨሩ ከመጀመሪያው ሸክላ ይልቅ ለደራሲው ሐሳብ ቀረበ። ይሄን ሳውቅ ሁለቱን ዘፈኖች አከታትዬ ሰማኋቸው። የስቶንሱ ይበልጣል የምትሉ ካላችሁ አልጣላችሁም፤ እኔ ግን ኦቲስ ጋ ነኝ።

ወደ ትልቁ ልምጣ። «ትራይ ኤ ሊትል ቴንደርነስ» በ1932 የሬይ ኖብል ኦርኬስትራ የቀረጸው ለስላሳ የዳንስ ቤት ዘፈን ነው። ደራሲዎቹ ሁለት እንግሊዛውያን፣ ጂሚ ካምቤልና ሬጅ ኮኔሊ፣ እንዲሁም አሜሪካዊው ሃሪ ዉድስ ናቸው። ቢንግ ክሮዝቢን የመሳሰሉ ክራቫታቸው የተስተካከለ ድምፃውያን ለዓመታት ተጫውተውታል። ሴት ልጅ ይደክማታል፣ አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሳ ትሰለቻለች፣ ስለዚህ ለስለስ በሉላት ይላል። ጨዋ ምክር ነው፣ በቃ።

ኦቲስ በ1966 ስታክስ ውስጥ ሲቀርጸው ምክሩ ወደ ልመና፣ ልመናውም ወደ ጩኸት ተቀየረ። ትንፋሽ መሣሪያዎቹ እንደ ኀዘን ቤት ይከፍቱታል፤ የዚህ ቅንብር ውስጥ በኋላ ራሱ ትልቅ ኮከብ የሆነው አይዛክ ሄይስ እጁ አለበት። ኦቲስ በለሆሳስ ይጀምራል። ጥቂት ቆይቶ ድራም መቺው አል ጃክሰን የድራሙን ጠርዝ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ማድረግ ይጀምራል። ያቺን ድምፅ ልብ ብላችሁ ስሟት። ገና ምንም ሳይፈጠር የሆነ ነገር እየመጣ እንደሆነ ታስታውቃለች። ከዚያ ኦርጋኑ ይገባል፣ ጊታሩ ይገባል፣ ፍጥነቱ ሳይታወቅ ይጨምራል፤ መጨረሻ ላይ ቃል አልቆ ሰውየው በቁርጥራጭ ድምፅ ብቻ ይፋለማል። ከዚህ በኋላ የድሮውን ቅጂ መስማት የሠርግ ግብዣ ላይ የሽማግሌ ንግግር እንደ መስማት ነው።

ግን ገንዘቡስ? በ1909ኙ የአሜሪካ ሕግ መሠረት አንድ ዘፈን አንዴ በሸክላ ከወጣ ማንም እንደገና ሊቀርጸው ይችላል፤ ፈቃድ መለመን የለበትም። ለደራሲውና ለአሳታሚው በእያንዳንዱ ቅጂ 2 ሳንቲም ይከፍላል። ይህ 2 ሳንቲም እስከ 1978 ድረስ ንቅንቅ አላለም። ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሁለት የዓለም ጦርነትና ስንት የዋጋ ንረት አልፎ። ሬዲዮ ጣቢያዎች ደግሞ አንድ ዘፈን ባጫወቱ ቁጥር የሚከፍሉት ግጥምና ዜማውን ለሠራው ነው፤ ለዘፈነው አይከፍሉም። ይህ አሜሪካ ውስጥ በመደበኛው ሬዲዮ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ስለዚህ «ቴንደርነስ» በኦቲስ ድምፅ በሬዲዮ በተጫወተ ቁጥር የደራሲነቱ ገንዘብ የሚሄደው ለእነ ካምቤል ወገን ነበር። (እኛ አገር እኮ ነገሩ በተቃራኒው ነው የሚመስለው። ድምፃዊውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ዜማውን የሠራው ማን ነው ቢባል ስንቶቻችን እንመልሳለን?)

አሁን ወደ «ሪስፔክት» እንመለስ። ኦቲስ በ1965 ያወጣው ቅጂ መጥፎ አይደለም፤ በጥቁሮቹ የአር ኤንድ ቢ ሰንጠረዥ 4ኛ፣ በአጠቃላዩ 35ኛ ደርሷል። ይዘቱ የደከመው ባል ነው። ገንዘብ አምጥቼ ቤት ስገባ ብቻ አክብሪኝ፣ ሌላው የራስሽ ጉዳይ ነው ይላል። ከቤቱ ርቆ ለሚኖር ዘፋኝ ከሕይወቱ የራቀ ነገር አልነበረም። የጉዞ አስተባባሪው ስፒዶ ሲምስ ግን የዘፈኑን መነሻ ያመጣሁለት እኔ ነኝ፣ ስሜ እንደሚገባ ቃል ተገብቶልኝ ነበር ሲል በኋላ ተናግሯል። ወረቀቱ ላይ ያለው የኦቲስ ስም ብቻ ነው።

ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1967 አሬታ ፍራንክሊን ኒውዮርክ በሚገኘው የአትላንቲክ ስቱዲዮ ገባች። አትላንቲክ ማለት የስታክስን ሸክላዎች የሚያከፋፍለው፣ ማለትም የኦቲስንም የሚሸጠው ኩባንያ ነው። አሬታ ፒያኖውን ራሷ ያዘች፤ እህቶቿ ኤርማና ካሮሊን ተቀባይ ሆኑ። በኦቲስ ቅጂ ያልነበረውን ፊደል ቆጠራ ጨመሩ፤ መሐሉ ላይ ኪንግ ከርቲስ ሳክስፎን የሚጫወትበት አዲስ ክፍል ገባ። ዋናው ለውጥ ግን የተናጋሪው ነው። ባል ሚስቱን ይጠይቅበት የነበረው ዘፈን ሴቲቱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ የምትጠይቅበት ሆነ። ጁን 3 ላይ አንደኛ ወጣ። ሸክላው ሚሊዮን ተሸጠ። የሴቶች መብት ታጋዮችም፣ የጥቁሮች መብት ታጋዮችም የራሳቸው አደረጉት።

እንግዲህ ሂሳቡን ተመልከቱ። ሚሊዮን ሸክላ በ2 ሳንቲም 20,000 ዶላር ነው፤ ከአሳታሚ ጋር ይካፈሉታል። አሬታ ከሸክላ ሽያጩ የራሷን ድርሻ ታገኛለች። ሬዲዮ ላይ ግን ዘፈኑ በተከፈተ ቁጥር የሚከፈለው ለኦቲስ ነው። እሷ ፊደል ቆጠራውን ፈጥራ፣ ዘፈኑን ገልብጣ፣ የዘመን ድምፅ አድርጋው፣ እስከሞተችበት እስከ 2018 ድረስ ከአሜሪካ መደበኛ ሬዲዮ በዚህ ዘፈን አልተከፈላትም። ደራሲ መከፈል የለበትም እያልኩ አይደለም። ግን እሴት የጨመረ ሁሉ ይከፈለው ከተባለ፣ የአሬታ እሴት የቱ ጋ ተመዘገበ?

ኦቲስን ተበዳይ ብቻ አድርጎ ማየትም አይመችም። በዚያው ዓመት አርተር ኮንሊ ለሚባል ወጣት «ስዊት ሶል ሙዚክ»ን አብሮት ሠራለት። ዘፈኑ እስከ 2ኛ ደረጃ ወጣ። ችግሩ፣ የሳም ኩክ «ያ ማን» ዜማ ነበር፤ ደራሲዎች ተብለው የተጻፉት ደግሞ ኮንሊና ኦቲስ። የኩክ ወገኖች በሕግ ጠየቁ፣ የኩክም ስም ገባ። አንድ ሰው አሬታ ዘፈኔን ወሰደችብኝ በሚልበት ወራት የሚወደውን ሟች ዘፈን ስሙን ሳይጠራ ወስዶ ነበር ማለት ነው።

ጁን 17 ቀን 1967 ምሽት ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ወጣ። ታዳሚው በብዛት ነጭና ወጣት ነው፤ ኦቲስን በቅጡ የማያውቀው ብዙ ነበር። አምስት ዘፈን ተጫወተ። የሳም ኩክ «ሼክ»፣ የስቶንስ «ሳቲስፋክሽን»፣ የ1932ቱ «ቴንደርነስ»፤ ሦስቱ የሰው። አራተኛው «ሪስፔክት» ሲሆን፣ ይቺን አንዲት ልጅ ወሰደችብኝ ብሎ እየሳቀ ነው የገባበት። የአሬታ ቅጂ ገና አንደኛነቱን መልቀቁ ነበር። ያ መድረክ ኦቲስን ለነጩ አሜሪካ አስተዋወቀው።

በዚያ ሰሞን ሳን ፍራንሲስኮ አቅራቢያ ሳውሳሊቶ በምትባል ቦታ የጀልባ ቤት ላይ ተቀምጦ አዲስ ዘፈን ጀመረ። ከዚያ ጉሮሮው ታመመና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ለሳምንታት ዝም አለ። ኖቬምበር ላይ ስታክስ ተመልሶ የጀመረውን ከስቲቭ ክሮፐር ጋር ጨረሰው፦ «(ሲቲን ኦን) ዘ ዶክ ኦፍ ዘ ቤይ»። ከለመደው ሁሉ የተለየ ነው። አይጮኽም። አንድ ሰው ከቤቱ ርቆ መጥቶ ወደብ ላይ ቁጭ ብሎ መርከብ ሲገባና ሲወጣ ያያል። መጨረሻ ላይ ለመዝጊያው የተዘጋጀ ቃል ስላልነበር ያፏጫል።

ዲሴምበር 10 ቀን 1967 ከክሊቭላንድ ወደ ማዲሰን ሲበር የግል አውሮፕላኑ ሞኖና በሚባል በረዷማ ሐይቅ ውስጥ ወደቀ። ሰባት ሰው ሞተ፤ አራቱ ባርኬይስ የተባለው ባንዱ ልጆች ናቸው። የተረፈው ትራምፔት ተጫዋቹ ቤን ኮሊ ብቻ ነበር። ኦቲስ 26 ዓመቱ ነበር። ከዜልማ ጋር ሦስት ልጆች ነበሩት። ክሮፐር ከጓደኛው ሞት በኋላ በቀረጻው ላይ የማዕበልና የባሕር ወፍ ድምፅ ጨምሮ አጠናቀቀው። ማርች 1968 አንደኛ ወጣ። ኦቲስ በሕይወት እያለ ራሱ ዘፍኖት አጠቃላዩ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ የወጣ ዘፈን አልነበረውም።

በዚያው በ1968 ስታክስ ሌላ መርዶ ሰማ። ከአትላንቲክ ጋር የፈረመው ውል የቀረጻዎቹን ባለቤትነት ለአትላንቲክ የሰጠ ነበር፤ የኦቲስም ጭምር። ስለዚህ ለቤተሰቡ ትልቁ ነገር ድምፁ ሳይሆን የጻፈው ነው። «ሃርድ ቱ ሃንድል» ከሞተ በኋላ ወጣ፤ ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው በ1990 ብላክ ክሮውስ የተባሉ የጆርጂያ ሮከሮች በተጫወቱት ነው፣ የደራሲነት ድርሻው ግን ወደ ቤቱ ይገባል። በተቃራኒው በ2011 ጄይ ዚና ካንዬ ዌስት የእሱን «ቴንደርነስ» ቆርጠው «ኦቲስ» የሚል ዘፈን ሠሩ። ርዕሱ ስሙ ነው፣ የሚሰማው ድምፁ ነው፤ ከግጥምና ዜማ ደራሲዎቹ ዝርዝር ውስጥ ግን ካምቤል፣ ኮኔሊና ዉድስ አሉ፣ ኦቲስ የለም።

«ዶክ ኦፍ ዘ ቤይ»ንም ብዙዎች ሞክረውታል። ማይክል ቦልተን በ1988 እስከ 11ኛ አድርሶታል፣ ድምፁም ከማንም አያንስም። ያገኘሁትን ሁሉ ሰብስቤ አዳመጥኩ። ያቺ ፉጨት ላይ ሲደርሱ አንዳንዱ ያፏጫል፣ አንዳንዱ በጊታር ወይ በሳክስፎን ያልፋታል። ይቺን እስካሁን ማንም አልወሰደበትም።