የጎርጎራው እስፓኛዊ

በአራዳ በአንዲት ጠባብ ክፍል ማታ ማታ የእስፓኝን ቋንቋ የምንማር ጥቂት ተማሪዎች የመጀመሪያውን ደረጃ ጨርሰን ዘንድሮ ወደ መካከለኛው ተሻግረናል። መምህራችን በመጀመሪያው ቀን ከእኛ የሚጠበቀውን ሁሉ በሰሌዳ ላይ ጽፈው አነበቡልን። በክፍል ውስጥ አማርኛም እንግሊዝኛም አይነገርም። ንባብ ቤት ተነቦ ይመጣል እንጂ ክፍል ውስጥ ቃል በቃል አይተረጐምም። ተደርጎ ያለቀውን ነገር ይደረግ ከነበረው ለይቶ መናገር የማይችል ተማሪ እንደ ጀማሪ ይቆጠራል። ስሕተት አያሳፍርም፤ ዝምታ ግን ማርክ ያስቀንሳል። በመጨረሻም እያንዳንዳችን ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነው የአንድ የታወቀ ሰው ሕይወት ቆመን፣ ያለ ወረቀት፣ ለዐሥር ደቂቃ እንድንናገር ታዘዝን።

ይህን የሰማ ሁሉ ሰርቫንቴስን ለመያዝ ተሽቀዳደመ። እኔ በዚያች ማታ ዘግይቼ ስለ ደረስሁ የቀረልኝ ፔድሮ ፓኤዝ ነበረ። ከክፍል ወጥተን በፒያሳ ስንወርድ ጓደኞቼ ይህ ደግሞ ከየት የመጣ ነው ብለው ሳቁብኝ። ፒያሳ የሚለውን የጣሊያን ቃል እስፓኞች ፕላሳ እንደሚሉት ከተማርን ገና አንድ ሳምንት ስለ ሆነን ያን ሰሞን ሁላችንም ሊቃውንት ነበርን። እንግዲህ ለሳቁብኝ ሰዎች መልስ እንዲሆን፣ ለእኔም መለማመጃ እንዲሆነኝ፣ የሰውየውን ሕይወት አስቀድሜ በአማርኛ ልንገራችሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ፓኤዝ በ1564 ዓ.ም. ከማድሪድ ብዙ በማትርቅ ኦልሜዳ በምትባል መንደር ተወለደ። መንደሯ ያን ጊዜ የሽንኩርት ኦልሜዳ ትባል ነበረ፤ ኋላ ስሟ ተለውጦ የምንጮች ኦልሜዳ ሆነች። ይህን ያነሣሁት በኋላ ስለ አንድ ምንጭ የምናገረው ስላለኝ ነው።

በወጣትነቱ ጄስዊት ወደሚባለው የካቶሊክ ካህናት ማኅበር ገብቶ ወደ ህንድ፣ ወደ ጎዋ ተላከ። በ1589 አንቶኒዮ ሞንሴራቴ ከሚባል ሸምገል ያለ ካህን ጋር ወደ ኢትዮጵያ ጉዞ ጀመረ፤ በመንገድ ሳለም በደቡብ ዐረብ የባሕር ዳርቻ ተማረከ። የሐድራሞትን በረሃ ተሻግረው ወደ የመን ተወሰዱ፤ ከእስር ቤት ወደ መርከብ መቅዘፊያ፣ ከመቅዘፊያ ወደ እስር ቤት እየተዘዋወሩ ሰባት ዓመት ያህል ቆዩ። በሐድራሞት ሳሉ ቀሕዋ የሚሉትን የቡና ውኃ እንዳጠጧቸው በኋላ ጽፏል። ዐረብኛን የተማረው በዚህ ጊዜ ነው። የእኛ ዝምታ ማርክ ያስቀንሳል፤ የእርሱ ዝምታ ግን ምሳ ሳያስቀርበት አልቀረም።

በ1596 ቤዛ ተከፍሎለት ወደ ህንድ ተመለሰ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚሁ ይበቃኛል ባለ ነበረ። እርሱ ግን በ1603 የአርመን ልብስ ለብሶ በምጽዋ በኩል ገባና በአድዋ አጠገብ ካለችው ከፍሬሞና ደረሰ። ዕድሜው ያን ጊዜ ሠላሳ ዘጠኝ ነበረ።

በዚህ ዕድሜው እንደገና ተማሪ ሆነ፤ ያውም የሁለት ቋንቋ። በቤተ መንግሥት የሚነገረው አማርኛ ነው፤ የሃይማኖት ክርክር የሚጠቀሰው ግን በግዕዝ ነው። አማርኛ ብቻ የያዘ ሰው ከወታደሩ ጋር ይጫወት ይሆናል እንጂ በሊቃውንቱ ፊት አይቆምም። ግዕዝ ብቻ የያዘም ውኃ ለመለመን ይቸግረዋል። ስለዚህ ሁለቱንም ተያያዘ። የአገሩን ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎች እየረዱት የሃይማኖት መማሪያ የሆነች አንዲት የጥያቄና መልስ መጽሐፍ ወደ አማርኛ አስመለሰና ልጆችን በእርስዋ ያስተምር ጀመር።

በ1604 ዐፄ ዘድንግል አስጠሩት። እዚህ ላይ የሠራው ሥራ እኔን እጅግ ያስደንቀኛል። የገዛ አንደበቱን ለማሳየት አልቸኰለም። ሁለት ልጆች በንጉሡ ፊት አቆመ፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ በጠራ አማርኛ። መኳንንቱ ተደነቁ። ከእኛ ክፍል ግን ዐሥር ቃል የያዘ ሁሉ አሥራ አንደኛውን ፈጥሮ ይናገራል፤ ራሴን ጨምሬ ነው የምለው።

ንጉሡ ወደ እርሱ ሃይማኖት አዘነበሉ፤ ፓኤዝ አይቸኵሉ ብሎ ቢመክራቸውም አልሰሙትም። በዚያው ዓመት በጥቅምት ከዐመፁባቸው መኳንንት ጋር ተዋግተው በጦር ሜዳ ወደቁ።

ከዚያ በኋላ ዙፋኑን የያዙት ዐፄ ሱስንዮስ ፓኤዝን አቀረቡት፤ በጣና ዳር በጎርጎራም መሬት ሰጡት። በዚያ ለንጉሡ የድንጋይ ባለ ፎቅ ቤት አሠራ። መሣሪያ ስላልነበረ መዶሻውና መሮው እንዴት እንደሚሠራ ራሱ ለሠራተኞቹ እያሳየ ነበረ። ቃሉ ሲያልቅበት በእጁ ያስረዳ ይሆናል ብዬ አስባለሁ፤ ይህን ግን ከመጽሐፍ ያገኘሁት አይደለም።

ሚያዝያ 21 ቀን 1618 ከንጉሡ ጋር ሳለ ግሽ ዓባይ ደረሰ። ሁለት ክብ የውኃ ዓይኖች አየ፤ ጥልቀታቸውንም በጦር ዘንግ ለካ። ከ152 ዓመት በኋላ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ምንጩን ከእኔ በፊት ያየ አውሮፓዊ የለም ብሎ ፓኤዝን ሊክድ ሞከረ። የሰከላ ገበሬ ግን ሁለቱም ሳይመጡ ከዚያው ውኃ ሲጠጣና ሲጠመቅ ኖሯል፤ ስለዚህ ከሁለቱ ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ለእኛ ብዙም አያስጨንቅም።

በእኔ አስተያየት ትልቁ ሥራው መጽሐፉ ነው። በ1610 በቫሌንሲያ ሉዊስ ዴ ኡሬታ የሚባል ሌላ እስፓኛዊ መነኵሴ ስለ ኢትዮጵያ መጽሐፍ አሳትሞ ነበረ፤ አገራችንን በዓይኑ አላያትም። ስለ አምባ ግሼን ቤተ መጻሕፍት የጻፈውን ያነበበ ሰው ወርቅ በወርቅ የሆነ ተረት ያገኛል። ፓኤዝ ለዚህ መልስ እንዲጽፍ በአለቆቹ ታዘዘ። የኡሬታን ነገር እያነሣ ሽማግሌዎቹን ጠየቀ፣ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል መረመረ፣ ገድለ ተክለ ሃይማኖትን ሳይቀር ከግዕዝ መልሶ አስገባ። የጻፈው በፖርቱጋል ቋንቋ ነው። በ1622 ጨረሰው፤ ሮም ላይ የታተመው ግን በ1905 እና በ1906 ነው። ተረቱ ወዲያው ታትሞ እውነቱ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ያህል በእጅ ጽሑፍ ቀረ።

እስከዚህ ድረስ ብቻ ተናግሬ ብቀመጥ ጥሩ ማርክ እንደማገኝ ዐውቃለሁ። ነገር ግን ፓኤዝ አማርኛና ግዕዝ የተማረው ለጨዋታ አልነበረም፤ ንጉሡንና ሕዝቡን ከአባቶቻቸው ሃይማኖት ለማስወጣት ነበረ። እርሱ ሳይሞት በ1617 ጳጳሱ አቡነ ስምዖንና የንጉሡ አማች ዮልዮስ ስለዚሁ ነገር ተነሥተው ተገደሉ። በ1622 ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነታቸውን በግልጽ አስታወቁ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ፓኤዝ በንዳድ ታሞ ጎርጎራ ላይ ሞተ። በእርሱ ፋንታ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ትዕግሥት የሌለው ሰው ነበረ፤ ሕዝቡን እንደ አረማዊ ቆጥሮ እንደገና ላጥምቅ አለ። አገሩ ታወከ። በ1632 ንጉሡ ከላስታ የተነሣባቸውን ጦር ድል አደረጉ፤ ነገር ግን በሜዳው ላይ ተረፍርፎ ያዩት የገዛ ሕዝባቸውን ነበረ። የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ።

አንዳንድ ሰዎች ጥፋቱን ሁሉ በሜንዴዝ ላይ ጭነው ፓኤዝን ነጻ ያወጡታል። በጠባይ ሁለቱ እንደማይመሳሰሉ እኔም አምናለሁ፤ ነገር ግን የ1617ቱ ደም ሲፈስ ሜንዴዝ ገና አልመጣም ነበረ። አንደበቱ ባይጣፍጥ ኖሮ ንጉሡ ይሰሙት ነበረን? ይህን ጥያቄ በእስፓኝ ቋንቋ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ግሡ የሚያስፈልገው የምኞትና የጥርጣሬ አነጋገር ስለ ሆነ ሦስት ማታ ፈጅቶብኛል።

ተራዬ የፊታችን ሐሙስ ነው። ልደቱን፣ ምርኮውን፣ ምንጩን፣ ሞቱን ተደርጎ ባለቀው የኃላፊ ጊዜ ጽፌ አጥንቻለሁ። ሕዝቡ የተዋጋበትን ክፍል ግን ተዋጋ በምለው ልናገረው ወይስ ይዋጋ ነበር በምለው፣ እስካሁን አልቈረጥሁም።