ሤት ግሪን፤ ዓሣ አጥማጁ ተመራማሪ

በዚህ እትማችን የምናስታውሰው ሤት ግሪን እ.ኤ.አ. በ1817 በኒውዮርክ ግዛት፣ በሮቸስተር አካባቢ ተወለደ። መተዳደሪያው ዓሣ አጥምዶ መሸጥ ስለነበረ ወንዞቹ እየተራቆቱ መሄዳቸውን በገዛ መረቡ አየ።

በ1864 ካሌዶኒያ በምትባል መንደር፣ ቀዝቃዛ የምንጭ ውሃ ባለበት ሥፍራ፣ ትራውት የተባለውን ዓሣ ማርባት ጀመረ። በዘመኑ የነበሩ አርቢዎች እንቁላሉንና የወንዱን ዘር በብዙ ውሃ ስለሚቀላቅሉ አብዛኛው እንቁላል መና ይቀር ነበር። ግሪን ውሃውን እየቀነሰ ደጋግሞ ሞከረ፤ ውሃው ባነሰ ቁጥር የሚፈለፈለው በረከተ።

በ1868 ከግዛቱ የዓሣ ሀብት ኮሚሽነሮች አንዱ ሆነ። በ1871 ሻድ የተባለውን ዓሣ 12,000 ያህል ጫጩቶች በባቡር ጭኖ፣ በጉዞው ላይ ውሃቸውን እየለወጠ ካሊፎርኒያ ደረሰ፤ 10,000 ያህሉ በሕይወት ተርፈው ሳክራሜንቶ ወንዝ ገቡ። በ1888 አረፈ። የካሌዶኒያው ማራቢያ ዛሬም ይሠራል።

ይሁን እንጂ ግሪን የጀመረው መንገድ ጉድለት የለውም አንልም። ሐይቅን በጫጩት መሙላት ብቻውን ትልቅ ዓሣ አያስገኝም፤ ምግቡ ሳይበቃ ዓሣው ከበዛ ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል። ከሌላ ሥፍራ የመጣ ዓሣም ነባሩን ሊያጠፋ ይችላል። ትራውት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ስለተለቀቀ ነገሩ እኛንም ይመለከታል።

እንግዲህ ዓሣና ውሃ የምናጠና ተማሪዎች ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ጫጩት ከመልቀቃችን በፊት ውሃውን እንመርምር፤ በሐይቁ ዳር የሚኖረውንም አጥማጅ አስቀድመን እንጠይቅ። ግሪንም የተነሣው ከዚያው ከአጥማጁ ሙያ ነበርና።