ማኖቬላን ያስቀረው ሊቅ ቻርልስ ኬተሪንግ

ቻርልስ ኬተሪንግ በአሜሪካ፣ በኦሃዮ አገር፣ ከገበሬ ቤተሰብ በ1876 እ.ኤ.አ. ተወለደ። በወጣትነቱ መምህር ነበር። የዓይን ሕመም ትምህርቱን ቢያቋርጥበትም ተስፋ ሳይቆርጥ በ1904 በኤሌክትሪክ መሐንዲስነት ተመረቀ።

በዚያ ዘመን መኪና የሚነሣው በማኖቬላ ነበር፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመታም የብዙ ሰው ክንድ ተሰብሯል። ኬተሪንግ ግን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ከሆነ ብዙ ኃይል እንደምትሰጥ በገንዘብ መመዝገቢያ መኪና ሥራው ዐውቆ ነበርና፣ በ1911 ሞተሪኖን ሠራ። ካዲላክም በ1912 መኪናዎቹ ላይ አዋለው። ሊቁ በ1958 ዐረፈ።

ሥራው ለእኛ ለደጋ ልጆች ትምህርት ነው። በደብረ ታቦር የማለዳ ብርድ ባትሪ ይደክማል፤ መኪናም እንቢ ይላል። ያን ጊዜ ሞተሪኖውን ለመፍታት አንቸኩል። ማርሹን ነጻ አድርገን፣ መብራት አብርተን ቁልፉን እናዙር። መብራቱ ከደበዘዘ አስቀድመን ባትሪውንና የሽቦ ማሰሪያዎቹን እንመርምር፤ የዛገውን እንፈግፍግ፣ የላላውን እናጥብቅ። መብራቱ ሳይደበዝዝ ሞተሪኖው ዝም ካለ ግን ጥፋቱ ወደ እርሱ በሚወስደው መስመር ወይም በራሱ ውስጥ ነው። መርምሮ የሚሠራ ሰው ገንዘቡንም ድካሙንም ያተርፋል።