ጆን ፐርዱ፦ ስማቸው በዩኒቨርሲቲ የቀረ ነጋዴ

በራያ ቆቦ ቆላ ማሽላ የሚያመርት ገበሬ አቀንጭራን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ይህ ጥገኛ አረም ከመሬት በላይ ሳይታይ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ምግቡንና ውኃውን ይመጠምጣል፤ አበባው በታየ ጊዜ ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል። አረሙን እንዲቋቋሙ ተሻሽለው ለአገራችን ገበሬ ከቀረቡት የማሽላ ዝርያዎች አንዱ ጎብዬ ይባላል፤ ከቆቦ ጎረቤት ከሆነችው ከተማ ጋር ስም ይጋራል። ዝርያው ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት፣ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ባካሄዱት ምርምር የተገኘ ነው። በሳይንስና በምህንድስና ስመ ጥር የሆነው ይህ ተቋም ግን የተሰየመው በሳይንቲስት ሳይሆን በነጋዴ ስም ነው።

ጆን ፐርዱ እ.ኤ.አ. በ1802 በፔንሲልቫኒያ ተወለዱ። በልጆች ከበዛ ቤተሰብ ብቸኛው ወንድ ልጅ ነበሩ። በወጣትነታቸው አስተምረዋል፤ ኋላ ወደ ንግድ ገብተው በላፋዬት ከተማ ከበሩ። ትዳር አልመሠረቱም።

እ.ኤ.አ. በ1862 ፕሬዚዳንት ሊንከን የፈረሙት ሕግ፣ ግዛቶች ከመንግሥት መሬት ሽያጭ በሚገኝ ገንዘብ ግብርናና የመካኒክ ሙያ የሚያስተምሩ ኮሌጆች እንዲያቋቁሙ መንገድ ከፈተ። በኢንዲያና ኮሌጁ የት ይተከል በሚለው ጉዳይ ለዓመታት ክርክር ሆነ። (መንገድ ወይም ጤና ጣቢያ ለየትኛው ቀበሌ ይሁን ተብሎ ሲሟገቱ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም።) ክርክሩን የቋጨው የፐርዱ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 150 ሺህ ዶላር ሊሰጡ ቃል ገቡ፤ ኮሌጁ በአካባቢያቸው እንዲቆም፣ ስማቸውን እንዲይዝ፣ እርሳቸውም በአስተዳዳሪ ቦርዱ እንዲቀመጡ ግን ፈለጉ። ስጦታ ነው ወይስ ግዢ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የአካባቢው ነዋሪዎችም 100 ኤከር መሬት ጨመሩ።

ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1874 በ39 ተማሪዎች ተጀመረ። ፐርዱ በሥራው እጃቸውን ከማስገባት አልታቀቡም፤ ከኃላፊዎች ጋርም ተጋጭተዋል። እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 1876፣ አዲሱ የትምህርት ጊዜ በተከፈተበት ዕለት አረፉ፤ በግቢውም ተቀበሩ።

ጨረቃን በመጀመሪያ የረገጠው ኒል አርምስትሮንግ የዚህ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳም የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት ከዚያው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። የአቀንጭራ ዘር በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ የሚነቃው ከማሽላ ሥር የሚመነጭ ንጥረ ነገር ሲደርሰው ነው። ጎብዬ ይህን ንጥረ ነገር እጅግ ጥቂት ስለሚያመነጭ፣ በአጠገቡ ያለው የአረሙ ዘር አብዛኛው ሳይነቃ ይቀራል።