የሉተር በርባንክ ሕይወትና የፍራፍሬ ችግኝ ድቀላ

ከሸዋ ሮቢት እስከ ካራቆሬ ባለው የይፋት ቆላ በጓሯቸው ወይም በመስኖ ማሳቸው ዳር ማንጎ፣ ብርቱካንና ሎሚ የሚያለሙ አርሶ አደሮች ይገኛሉ። ብዙውን ጊዜ ተከላው የሚጀመረው ከተበላ ፍሬ በተረፈ ዘር ነው። ይህ አሠራር ወጪ ባይጠይቅም ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ከዘር የበቀለ ማንጎ ፍሬ እስኪሰጥ ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል፤ ፍሬውም እናቱን ላይመስል ይችላል። ይህን ችግር የሚያቃልለው ሙያ ድቀላ ነው። ሙያው ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆጥብ ለመረዳት ከአሜሪካዊው አትክልተኛ ከሉተር በርባንክ ሕይወት የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በርባንክ እ.ኤ.አ. በ1849 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ግዛት በላንካስተር ከተማ አቅራቢያ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። አባቱ ሲሞት በደረሰው ውርስ ጥቂት መሬት ገዝቶ አትክልት ማልማት ጀመረ፤ የቻርለስ ዳርዊንን መጻሕፍት ማንበቡም ለዕፅዋት ያለውን ፍላጎት አጠናከረለት። በዚያ መሬት ላይ አንዲት የድንች ተክል ያፈራችውን ትንሽ ፍሬ አግኝቶ በውስጧ የነበሩትን 23 ዘሮች ዘራ። ከእነዚህ አንዱ ምርታማ ድንች ሆነ። የዚህን ድንች መብት በ150 ዶላር ሸጦ፣ በ1875 ዓ.ም. በ26 ዓመቱ ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ በሳንታ ሮዛ ከተማ ኑሮውን መሠረተ። ዛሬ በአሜሪካ በስፋት የሚመረተው ራሴት በርባንክ የተባለው ድንች ከዚያው የወጣ ነው።

ስሙ በአካባቢው የገነነው ግን በ1881 ዓ.ም. በተቀበለው አንድ ትእዛዝ ነው። ዋረን ዳተን የተባለ ባለሀብት 20,000 የፕሪም ችግኞች ለዚያው ዓመት ማብቂያ እንዲደርሱለት ፈለገ። በተለመደው አሠራር ሥራው ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የሚፈጅ በመሆኑ ጥያቄውን የሚቀበል ችግኝ አብቃይ ማግኘት ቀላል አልነበረም። በርባንክ ተቀበለ። የፕሪምም ሆነ የኮክ ዘር ቶሎ እንደማይበቅል ያውቅ ነበር፤ የፕሪም ዘመድ የሆነው የአልሞንድ ዘር ግን በእርጥብ አሸዋ ላይ ተደርድሮ በጆንያ ጨርቅ ሲሸፈን በሁለት ሳምንት ገደማ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ስር የሚሆኑትን ችግኞች ከአልሞንድ አፈላ። ቡቃያዎቹ በበጋው ሲጠነክሩ ሠራተኞች ቀጥሮ ከፕሪም ዛፍ የተወሰዱ ዓይኖችን በእያንዳንዱ ችግኝ ቅርፊት ሥር አስከተበ።

የብልሃቱ ዋና ነጥብ ከክተባው በኋላ የመጣው ነው። ዓይኖቹ ከግንዱ ጋር ሲዋሐዱ የአልሞንዱን ጫፍ ቆርጦ አልጣለውም፤ በከፊል ሰብሮ ወደ ጎን አጋደመው። የተጋደመው ቅጠል ሥሩን መመገቡን ሳያቋርጥ የአልሞንዱ እድገት ተገታ፤ ጉልበቱም ወደ አዲሱ የፕሪም ዓይን ዞረ። ፕሪሙ በቂ ቁመት ሲያገኝ የተሰበረው ጫፍ ተወገደ። በዲሴምበር 1 ቀን 19,500 ችግኞች ለርክክብ ዝግጁ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ጉዳይ ማንሳት ያስፈልጋል። በአማርኛችን ማዳቀል ስንል ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን እንጠራለን። አንደኛው የአንዱን ተክል የአበባ ብናኝ ወደ ሌላው በማድረስ አዲስ ዝርያ መፍጠር ሲሆን፣ ሁለተኛው በባለሙያዎች ግራፍቲንግ የሚባለው፣ ቀንበጥን ወይም ዓይንን በሌላ ተክል ግንድ ላይ ማጣበቅ ነው። የመጀመሪያው ጠባይን ይቀላቅላል፤ ሁለተኛው የተመረጠውን ዛፍ ጠባይ ሳይለውጥ ያባዛል። በርባንክ ሁለቱንም አጣምሮ ይሠራ ነበር። በማዳቀል ያገኛቸውን አዳዲስ ችግኞች እስኪያፈሩ ከመጠበቅ ይልቅ ቀንበጦቻቸውን በአንድ ትልቅ ዛፍ ቅርንጫፎች ላይ በብዛት ይተክል ስለነበር፣ ፍሬያቸውን ቀድሞ አይቶ የማይረባውን ያስወግድ ነበር። ሳንታ ሮዛ የተባለውን ፕሪም ጨምሮ በሕይወት ዘመኑ ከ800 በላይ ዝርያዎችን እንዳወጣ ይነገራል።

ጉድለትም ነበረበት። ከ1905 ዓ.ም. ጀምሮ የካርኔጊ ተቋም በየዓመቱ 10,000 ዶላር ቢመድብለትም በርባንክ የሥራውን መዝገብ በሳይንስ ሥርዓት የሚይዝ ሰው ስላልነበር ድጋፉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተቋረጠ። የትኛውን ከየትኛው ጋር እንዳዳቀለ አብዛኛው በእርሱ ጭንቅላት ውስጥ ቀርቷል፤ ለተከታዮቹም ትልቅ ኪሳራ ነበር። በ1926 ዓ.ም. በ77 ዓመቱ አርፎ በሳንታ ሮዛ በገዛ አትክልት ስፍራው ተቀበረ። ከአራት ዓመት በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት በድቀላና በቁርጥራጭ ለሚባዙ አዳዲስ ዕፅዋት የባለቤትነት መብት የሚሰጥ ሕግ ሲያወጣ፣ በርባንክ ከሞተ በኋላ በስሙ 16 መብቶች ተመዘገቡ።

የተዳቀለ ችግኝ ለመግዛት ወይም ሙያውን ለመማር የሚፈልጉ ተገልጋዮች በቅድሚያ የቀበሌያቸውን የግብርና ልማት ሠራተኛ ወይም የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል እንዲያነጋግሩ ይመከራል። ልምምዱ በሎሚና በብርቱካን ቢጀመር ይመረጣል፤ ሁለቱ ዘመዳሞች ስለሆኑ ይዋሐዳሉ፤ ማንጎ በብርቱካን ላይ ግን አይይዝም። ቢላዋው ስለታምና ንጹሕ ይሁን፤ ዓይኑም ከጤነኛና ፍሬው ከታወቀ ዛፍ ይወሰድ፤ የታመመ ዛፍ ቀንበጥ በሽታውን ይዞ ይሄዳልና። ችግኝ ሲገዙ ከሥሩ ከፍ ብሎ በግንዱ ላይ የመጋጠሚያው ጠባሳ መኖሩን ይመልከቱ፤ ሲተክሉም ጠባሳው ከአፈር በላይ ይሁን። ከጠባሳው በታች የሚያቆጠቁጥ ቅርንጫፍ የስሩ ተክል እንጂ የተፈለገው ዝርያ ስላልሆነ በለጋነቱ መነቀል አለበት።