ለትንሿ አገር የዘፈነው ፈረንሳዊ

ይህ የዣን ክሎድ ፓስካል የሕይወት ታሪክ ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፓስካል ኦክቶበር 24 ቀን 1927 ፓሪስ ተወለደ። የ17 ዓመት ልጅ ሳለ በጄኔራል ለክሌር ብረት ለበስ ክፍለ ጦር ተሰልፎ ናዚዎችን ወጋ። በኖቬምበር 1944 ስትራስቡርግ ነፃ ስትወጣ ቀድመው ከገቡት ወታደሮች አንዱ ነበር፤ የጦር መስቀል ኒሻንም ተሸልሟል። በዚያ ዕድሜ እኛ ምን እንሠራ እንደነበር እስቲ እናስበው!

ከጦርነቱ በኋላ ሶርቦን ተማረ፤ በክርስቲያን ዲዮር ቤትም የልብስ ንድፍ አወጣ። የቲያትር ልብስ ሲሠራ ነው እንግዲህ ከመድረክ ሰዎች ጋር የተዋወቀው። መልከ መልካም ስለነበር ፊልም ሠሪዎች አልለቀቁትም። ከአኑክ ኤሜ ጋር ሳይቀር ተውኗል። ዘፈን የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት የዩሮቪዥንን የዘፈን ውድድር በ1956 በስዊዘርላንዷ ሉጋኖ ጀመረ። ያን ጊዜ ተወዳዳሪዎቹ 7 አገሮች ብቻ ነበሩ። እያደር ያሸነፈ አገር የሚቀጥለውን ዓመት ውድድር ያዘጋጃል የሚል ልማድ ተተከለ። ድግሱ ግን ወጪ አለበት፤ በ1959 ያሸነፈችው ሆላንድ ብዙም ሳይቆይ አዘጋጅታ ስለነበር ይቅርብኝ ብላ የ1960ው ለንደን ሄደ። በዚያ ውድድር ሉክሰምበርግ በ1 ነጥብ መጨረሻ ወጣች። ሕዝቧ ያኔ 3 መቶ ሺህ ገደማ ነበር።

ታዲያ ምን አደረገች? ፓስካልን ላከች። ማርች 18 ቀን 1961 ፈረንሳይ ውስጥ፣ ካን ከተማ፣ 16 አገሮች ተሰለፉ። እያንዳንዱ አገር 10 ዳኞች ነበሩት፤ አንድ ዳኛ አንድ ድምፅ። ፓስካል ሰዎች ሊለያዩአቸው ስለሚሹ ፍቅረኞች ዘፈነ። ግጥሙ የሞሪስ ቪዳለን፣ ዜማው የዣክ ዳተን ነው። 31 ነጥብ አገኘ፤ ሁለተኛ የወጣችው እንግሊዝ 24። ፈረንሳይ በገዛ ቤቷ በገዛ ልጇ ተሸነፈች!

ድሉ የማን ነው? በዝግጅት ክፍላችን ይህ ነገር አከራክሮናል። ግማሾቻችን የተዋሰችው ድል ነው አልን። ደንቡ ግን የዘፋኙን ዜግነት አይጠይቅም። ደግሞም ሉክሰምበርግ ግዴታዋን አልሸሸችም፤ በ1962 የሬዲዮ ሉክሰምበርግ ቤት በሆነው ቪላ ሉቪኚ አውሮፓን ተቀበለች። እዚያ ያሸነፈችው፣ ይገርማል፣ ፈረንሳይ ናት፤ በኢዛቤል ኦብሬ። ሉክሰምበርግ በጠቅላላው 5 ጊዜ ስታሸንፍ አንዱም ዘፋኝ ሉክሰምበርጋዊ አልነበረም። በ1973 በሜዳዋ ደግማ ስታሸንፍ ግን አቅም አነሳትና የ1974ቱን ለእንግሊዝ ተወች።

ፓስካል በ1981 በ53 ዓመቱ ለዚያችው አገር ደብሊን ላይ ዳግመኛ ዘፈነ። 11ኛ ወጣ። ምን ያደርጋል፣ ጊዜው ተለውጧል፤ ሙዚቃውም እንደዚያው። በኋለኛው ዘመኑ መጻሕፍት ጽፏል። ሜይ 5 ቀን 1992 ፓሪስ አጠገብ ክሊሺ ውስጥ በ64 ዓመቱ አረፈ። ሉክሰምበርግም ከ1993 በኋላ ከውድድሩ ወጥታ እስከ 2024 አልተመለሰችም።